ሃምሳ ስምንት

ናርቫ ላይ፣ ወንዙ ግማሹ በረዶ፣ ግማሹ ውኃ ሆኖ፣
ማክሰኞ ማታ ነው፤ የክፍሉ መስታወት በትንፋሽ ታፍኖ።
እኔ ኡርቬ እባላለሁ፤ ኢስቶኒያኛ አስተምራለሁ፤
ከሰሌዳው ጥግ «ስልሳ» ብዬ በትልቁ ጽፌአለሁ።
ማለፊያው ነው፤ አንዲት ቢጎድል ምሕረት አይታሰብም፤
ሰሌዳው በየማታው ይታበሳል፤ ስልሳ ግን አይታበስም።

ዚናይዳ ከመዋዕለ ሕፃናት ማእድ ቤት፣ ሳሙና እየሸተተች፣
ሁለት እርሳስ ቀርጻ፣ ለፊት ወንበር፣ ማንም ሳይቀድማት ትመጣለች።
ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ለምን እንደምትማር አንድ ቀን ጠየቅኋት፤
«የፋርማሲዋ ልጅ ስትሰድበኝ ገብቶኝ፣ እኔም በቋንቋዋ ልስደባት።»
ቬኒያሚን አውቶቡስ ነጂ ነው፤ የእሱ ግብ ፓስፖርት ማግኘት፤
ግሶቹን ከመሪው ጎን ለጥፎ ያነበንባል፣ ቀይ ሲበራ መብራት።

አንድ ጣጣ አለው ቋንቋችን፤ ለባዕድ የሚከብደው
የጨረስከውን ከጀመርከው በስሙ ጫፍ መለየት ነው።
መጽሐፉን አንብበህ ከዘጋኸው «ራማቱ» ነው፤ አበቃ፤
ገና እያነበብክ ከሆነ ግን «ራማቱት»፦ አንዲት «ት» ጫፉ ላይ ተጣብቃ።
ይህን ሺህ ጊዜ አስተምሬአለሁ፤
እንደ ደወል፣ ሳላስበው፤ ጠመኔዬን አስቀምጬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

ውጤት የመጣ ዕለት ቬኒያሚን ሰባ አንድ፤
ኬክ ገዛ፤ ክሬም በክሬም ሆነ፤ ግንባራችንን ሳመን አንድ በአንድ።
ዚናይዳ ሃምሳ ስምንት።
ወረቀቷን አራት አጥፋ ከጓንቷ ውስጥ ከተተች፤
ኬኩን በላች፤ ሳህኖቹን አጠበች፤ ወንበሯን ወደ ቦታው መለሰች፤
ሄደች።

ሦስት ማክሰኞ አልመጣችም። ከሁለቱ እርሳስ አንዱ ወድቆ፣
ማንም አላነሣውም፤ እኔም አላነሣሁት፤ ከማሞቂያው ሥር ተደብቆ።
ደወልኩላት። አንዴ ባሏ ነው ስልኩን ያነሣው፤
«ለማን ብላ ትማር? ሁለት ነጥብ እንኳ ነፈጓት» አለና ዘጋው።
ለካ ሁለት የጎደለው ሰው ሃያ ከጎደለው ይብስ ያመዋል፤
ሠላሳ አራት ያመጣው ሮዲዮን እየሳቀ፣ በዕለቱ፣ ዳግም ተመዝግቧል፤
ሁለት የጎደለው ግን ሌሊት ይነሣል፤
«እዚያ ጋ ባልቸኩል፣ ያቺን ቃል ባልደግም» እያለ ጣሪያ ላይ ያሰላል።

ቬኒያሚንስ? ሰሞኑን አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ፤
«ቴሬ» አልኩት እንደ ልማዳችን፤ በሩሲያኛ ሲመልስልኝ ሰማሁ።
የግሶቹ ዝርዝር በነበረበት ቦታ የጥድ ቅርጽ ሽቶ ተንጠልጥሏል፤
«መጽሐፉን ለሚስቴ እህት ሰጠኋት፤ ከእንግዲህ ምን ይሠራልኛል?»
አልፈረድኩበትም። ያሰበው ቦታ ደርሷል፤
አውቶቡስ ከመጨረሻው ፌርማታ ወዲያ የት ይሄዳል?
ግን «እስከዚህ» ብሎ የጻፈው ማነው? እኔው፣ በገዛ ጠመኔዬ፤
ያን ማታ በእርጥብ ጨርቅ ፈተግሁት፤ ጥላው አልለቀቀም፤ ተውኩት፣ ይቅር ብዬ።

በአራተኛው ማክሰኞ በሩ ተንኳኳ። በረዶ ትከሻዋ ላይ፤
«እርሳሴን ልወስድ ነው» አለች፣ ወለል ወለሉን ስታይ።
ጎንበስ ብላ አወጣችው፤ አቧራውን እፍ አለች፤
ከዚያ፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣ ቆማ ማውራት ጀመረች፦
«ትናንት የሳል መድኃኒት ልገዛ ስገባ፣ ጓደኛዋን ‹ይቺ ደግሞ መጣች› አለቻት፤
ገባኝ። ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ፣ በቋንቋዋ፣ ቀስ ብዬ፣ ‹አዎ፣ መጣሁ› አልኳት።»
«ከዚያስ?»
«ፊቷ ቀላ። አወሳሰዱን ሦስት ጊዜ አስረዳችኝ፤
በመጀመሪያው ገብቶኝ ነበር፤ የቀረውን ደስ ስላለኝ ነው የሰማሁት» አለችኝ።

ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ፦ «ፈተናዬን ሄጄ አየሁት፤
ያቺን ‹ት› ነው የዘለልኩት፤
‹እያነበብኩ ነው› ልል ፈልጌ፣ ‹ጨርሼዋለሁ› ብዬ ነው የጻፍኩት።»

ቀጣዩ ፈተና መቼ እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።
ኮቷን አወለቀች። ገጽ አርባ ሁለትን ገለጠች፣ በእርሳሷ ጫፍ ፈልጋ፤
«ማ ሎኤን ራማቱት» አለች፤ ያቺን «ት» በጥርሷ ጠበቅ አድርጋ።